የሉዊ ስክላቪስ ክላርኔት፦ ከየትኛው አልበም ይጀመር?

ፈረንሳዊው የክላርኔት ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ሉዊ ስክላቪስ ከ1980ዎቹ አንሥቶ በስሙ ያወጣቸው አልበሞች ብዙ ከመሆናቸው በላይ አንዱ ሌላውን ስለማይመስል፣ ስሙን ሰምቶ ሥራውን ለማድመጥ የተነሣ ሰው ከየትኛው እንደሚጀምር ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። በአንዱ አልበም ቫዮሊንና ቼሎ ከክላርኔት ጋር በዝግታ ሲቀባበሉ ይሰማና ክላሲካል ሙዚቃ ይመስላል፤ በሌላው የኤሌክትሪክ ጊታር ያጓራል፤ በሦስተኛው ደግሞ ዜማ የሚባል ነገር ለደቂቃዎች ጠፍቶ ትንፋሽና ጩኸት ብቻ ይቀራል። አልበሞቹን በወጡበት ዓመት ቅደም ተከተል ማድመጥ ሥርዓት ያለው መንገድ ቢመስልም ለጀማሪ አይበጅም፤ ቀደምቶቹ ሥራዎች ከሁሉም ጠጣሮቹ ስለሆኑ ብዙ ሰው ገና ከደጃፉ እንዲመለስ ያደርጋሉ።

የሚሻለው የሰውየውን የአሠራር ልማድ ተከትሎ መሄድ ነው። ስክላቪስ አብዛኛውን ጊዜ ለድርሰቱ መነሻ የሚያደርገው ከሙዚቃ ውጭ ያለን ነገር ሲሆን፣ ይህም ነገር አንዴ ድምፅ አልባ ፊልም፣ አንዴ በከተማ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል፣ አንዴ የጥንት ግጥም፣ አንዴም ረጅም ጉዞ ሊሆን ይችላል። መነሻውን አስቀድሞ ያወቀ አድማጭ፣ ድምፁ በተወሳሰበበት ቦታ ሁሉ የሚጨብጠው አያጣም። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተልም (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግልጽ ታሪክ ላይ ከቆሙት አልበሞች ተነሥቶ ድምፅ ብቻውን ወደሚቀርባቸው ያመራል።

ስክላቪስ በ1953 በፈረንሳይዋ የሊዮን ከተማ ተወለደ፤ ክላርኔት የጀመረው በዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን፣ ኋላም በከተማው የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ተምሯል። በ1970ዎቹ የተቀላቀለው ወርክሾፕ ደ ሊዮን የተባለው ቡድን «ፍሪ ጃዝ» የሚባለውን፣ ማለትም አስቀድሞ ከተወሰነ ዜማ፣ ምትና የቅንብር ሥርዓት ወጥቶ ሙዚቃውን በዚያው ቅጽበት እየፈጠሩ የመጫወትን ስልት የሚከተል ነበር። የዚህ ቡድን ሰዎች በ1977 «አርፊ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ የማኅበሩ ሙሉ ስም «ምናባዊ የሕዝብ ሙዚቃን ፍለጋ» የሚል ሐሳብ የያዘ ነው። ሐሳቡ ቀላል ሆኖ ጥልቀት አለው። አሜሪካዊው ጥቁር ሙዚቀኛ ብሉዝን ከአያቶቹ ወርሶ ጃዝን በዚያ ላይ ሲገነባ፣ የሊዮን ልጅ ያ ርስት ስለሌለው፣ ሊኖረው ይችል የነበረውን የሕዝብ ዜማ ራሱ አስቦ መፍጠር ይገባዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት የስክላቪስ ሥራዎች ውስጥ የየትኛው አገር እንደሆኑ የማይታወቁ፣ ሆኖም ከዱሮ ጀምሮ የነበሩ የሚመስሉ የጭፈራ ዜማዎች የሚበዙት ከዚህ የተነሣ ነው።

መሣሪያውንም ማወቅ ለማድመጥ ይረዳል። ክላርኔት ከሸንበቆ በተቀረጸ «ሪድ» በሚባል ስስ ምላስ የሚነፋ የእንጨት መሣሪያ ሲሆን፣ ቱቦው ከላይ እስከ ታች ከሞላ ጎደል እኩል ስፋት ያለው በመሆኑ ዝቅ ባለው ድምፁ ጥቁርና ጎድጓዳ፣ ከፍ ባለው ደግሞ ስለታም ሆኖ ይሰማል። ለባለሙያዎች የሚሠራበት ጥቁር ጠንካራ እንጨት የአፍሪካ ዛፍ ነው፤ በብዛት የሚቆረጠው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ቢሆንም በኢትዮጵያ ደረቅ ቆላዎችም ይበቅላል። ባስ ክላርኔት የተለመደው ክላርኔት ታላቅ ወንድም ነው፦ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ የድምፅ መሰላል ዝቅ ይላል፣ ከታች ጫፉ ላይም ወደ ላይ ታጥፎ የተከፈተ የብረት ቀንድ አለው። የዛሬውን መልክ እንዲይዝ ያደረገው፣ በኋላ ሳክስፎንን የፈጠረው ቤልጅጋዊው አዶልፍ ሳክስ በ1838 ባወጣው የፈጠራ መብት ሲሆን፣ በጃዝ ውስጥ ራሱን የቻለ መሪ መሣሪያ ያደረገው ደግሞ አሜሪካዊው ኤሪክ ዶልፊ ነው። ዶልፊ በ1964 በ36 ዓመቱ በምዕራብ በርሊን ሲሞት፣ የተወው መንገድ ከአገሩ ይልቅ በአውሮፓ ብዙ ተከታይ አገኘ፤ ስክላቪስም ከነዚህ ተከታዮች እጅግ የላቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በባስ ክላርኔት ላይ የሚሠራቸው ሁለት ነገሮች በየአልበሙ ስለሚመላለሱ አስቀድሞ መለየቱ ይጠቅማል። አንደኛው ምላስን ሪዱ ላይ ለጥፎ በድንገት በመንጠቅ የሚወጣው «ስላፕ» የተባለው ድምፅ ነው፤ ይህ ድምፅ ዜማና የከበሮ ምት በአንድ አፍ የሚወጡ ያስመስላል። ሁለተኛው ሳያቋርጡ መንፋት ነው፤ ተጫዋቹ በጉንጩ ያጠራቀመውን አየር እየገፋ በዚያው ቅጽበት በአፍንጫው አዲስ አየር ይስባል፣ ጉንጩም እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይሠራል። በዚህ ዘዴ አንድ የዜማ ሐረግ ለደቂቃዎች ትንፋሽ ሳይቆረጥበት ሊዞር ይችላል።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀድመው በ2002 የወጣው «ዳን ላ ንዊ»፣ ማለትም «በሌሊት ውስጥ» የተሰኘው አልበም ነው። አልበሙን ያወጣው ኢ.ሲ.ኤም. የተባለው በ1969 በማንፍሬድ አይከር ሙኒክ ላይ የተመሠረተ አሳታሚ ነው፤ አብዛኞቹ የስክላቪስ ዋና ዋና ሥራዎች የወጡትም በዚሁ ነው። መነሻው ተዋናዩ ሻርል ቫኔል በ1929 ያዘጋጀውና ራሱ የተወነበት ድምፅ አልባ ፊልም ሲሆን፣ ስክላቪስ ለፊልሙ ሙዚቃ እንዲደርስለት ያነሣሣው የሊዮኑ ተወላጅ የፊልም አዘጋጅ ቤርትራን ታቨርኒዬ ነበር። ታሪኩ የአንድ ድንጋይ ፈላጭ ነው፦ ሰውየው ይሞሸራል፣ ከሠርጉ በኋላ በድንጋይ ካባው ላይ በደረሰ ፍንዳታ ፊቱ ይበላሻል፣ ከዚያ ወዲያ ጭምብል አጥልቆ ይኖራል፣ ትዳሩም ይናጋል። የአልበሙ ቁርጥራጮች ይህን ታሪክ በስማቸው ሳይቀር ይከተላሉ፤ «የሠርግ መልስ»፣ «አደጋው»፣ «መስተዋቱ»፣ «ሁለቱ ፊቶች» የሚሉ አሉባቸው።

የመሣሪያዎቹ ምርጫ እጅግ የታሰበበት ነው። ዣን ሉዊ ማቲኒዬ በአኮርዲዮን የፈረንሳይን የሠርግና የባዛር ሽታ ያመጣል፤ ዶሚኒክ ፒፋሬሊ በቫዮሊን፣ ቬንሳን ኩርቱዋ በቼሎ ያጅባሉ፤ ፍራንሷ ሜርቪል ከበሮና ማሪምባ፣ ማለትም በመዶሻ የሚመታ ባለ እንጨት ሰሌዳ መሣሪያ ይጫወታል። አልበሙ የተሰየመበት ዜማ ደጋግሞ ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም በመካከል የሆነው ነገር ስለሚጫነው ያው ዜማ ሆኖ ሳለ ሌላ ይሆናል። የጃዝ ልምድ የሌለው አድማጭ እንኳ ይህን ለውጥ ያለ አስተማሪ ይሰማዋል። አብዛኞቹ ክፍሎች አጫጭር ስለሆኑ፣ ድምፁ ድንገት ሻካራ በሚሆንበት ቦታ እንኳ ሰው ሳይሰለች ያልፈዋል፤ ፊልሙን ለማየት ዕድል ያገኘ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ቢያይ ይጠቀማል።

ቀጥሎ የሚመጣው በመንፈሱ ፈጽሞ የተለየው «ካርኔ ደ ሩት»፣ የጉዞ ማስታወሻ የተሰኘው የ1995 አልበም ነው። ስክላቪስ፣ የኮንትራባስ ተጫዋቹ ኦንሪ ቴክሲዬና በጣሊያን የተወለደው ከበሮ መቺ አልዶ ሮማኖ በ1990 ወደ አፍሪካ ሲጓዙ አራተኛ ጓዳቸው ፎቶግራፍ አንሺው ጊ ለ ኬሬክ ነበር፤ አልበሙም ከፎቶግራፎቹ መጽሐፍ ጋር ታትሞ ወጣ። ኮንትራባስ ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ ጅማት መሣሪያ ነው። ሦስቱ ሰዎች ያዩትን ሕዝብ ሙዚቃ ለመኮረጅ አልሞከሩም፤ ይልቁንም ጉልበት ያላቸው፣ አንድ ጊዜ ተሰምተው የሚያዙ ዜማዎችን ደርሰው በራሳቸው አነጋገር ተጫውተዋል። ይህ በአፍሪካ ስም ከተሠሩ ብዙ የአውሮፓ ቅጂዎች የሚለየው ቁም ነገር ሲሆን ክብርም የሚያሰጠው ነው። የስክላቪስን ስላፕ አጠገቡ የቆሙ ያህል ለመስማት ከዚህ የተሻለ አልበም የለም፤ ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ የሚሸፍነው ነገር አይኖርም። ቡድኑ በ1999 እና በ2005 ሁለት ተከታይ አልበሞች ቢያወጣም የመጀመሪያው ይበልጣቸዋል።

እነዚህን ሁለቱን የወደደ ሰው ወደ «ሌ ቪዮሎንስ ደ ራሞ» ለመግባት ተዘጋጅቷል፤ የ1996ቱ አልበም ርእስ «የራሞ ግፎች» እንደማለት ነው። ዣን ፊሊፕ ራሞ ከ1683 እስከ 1764 የኖረ የፈረንሳይ ኦፔራ ታላቅ ደራሲ ሲሆን፣ ክላርኔትን ወደ ፓሪስ ኦፔራ ኦርኬስትራ ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የመጨረሻ ኦፔራው «ሌ ቦሬአድ» በ1763 ልምምዱ ተጀምሮ ሳይታይ ቀረ፤ በመድረክ ሙሉ በሙሉ የታየው በ1982 ነው። ታሪኩ አልፊዝ የተባለች ንግሥት፣ ከሰሜን ነፋስ አምላክ ዘር የሆነ ባል እንድታገባ ስትገደድ የምትወደውን አልለቅም ብላ ስለተቀበለችው ሥቃይ ነው። ከአልበሙ ክፍሎች አንዱም «የአልፊዝ ሥቃይ» ይባላል።

ስክላቪስ ከዚህ ሙዚቃ ጋር ያደረገው ነገር የክላሲካል ዜማን ወስዶ የጃዝ ምት ማልበስ አይደለም፤ ያ ቀላልና ብዙ ጊዜ የተሠራበት ነገር ነው። ከራሞ አንድ የዜማ ሐረግ፣ አንድ የባስ መስመር፣ አንድ የዳንስ እግር አወጣጥ ቆርሶ ወስዶ፣ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር አዲስ ሕንፃ ያቆምበታል። ኢቭ ሮቤር በትሮምቦን ያፌዛል፣ ያለቅሳል፤ ፒፋሬሊ በቫዮሊን የ18ኛውን መቶ ዓመት ጨዋነት ያስታውስና ወዲያው ያፈርሰዋል፤ ፍራንሷ ሮለን በፒያኖና በሌሎች የቁልፍ መሣሪያዎች፣ ብሩኖ ሼቪዮን በኮንትራባስ፣ ፍራንሲስ ላሱስ በከበሮ ሥሩን ይይዛሉ። ርእሱ የሚናገርለት ግፍ በራሞ ውስጥ ቀድሞውኑ የነበረ ነው፤ በኦፔራዎቹ ማዕበሉ፣ የአማልክት ቁጣና ቅጣቱ በወርቅ ጌጥ ተሸፍነው ይኖራሉ፣ ስክላቪስ ደግሞ ጌጡን ገፍፎ ያወጣቸዋል። የሰውየው ሁሉም ችሎታ፣ ደራሲነቱም ተጫዋችነቱም ቡድን መሪነቱም፣ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኝበት አልበም ይህ ነው። የመጀመሪያ እንዳይሆን የተደረገውም ሳይዘጋጁ ቢገቡበት እንዳያልፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የግድግዳ ሥዕሎቹ ሁለት አልበሞች ይመጣሉ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤርነስት ፒኞን ኤርነስት በወረቀት ላይ የታተሙ፣ በሰው ቁመት ልክ የሆኑ ምስሎችን በከተማ ግድግዳ ላይ እየለጠፈ፣ ዝናብና ጊዜ እንዲበሏቸው ይተዋቸዋል። ከ1988 እስከ 1995 ድረስ በኔፕልስ ከተማ የሠራቸውን፣ ሠዓሊው ካራቫጆን የሚያስታውሱ የሞትና የሐዘን ምስሎች መነሻ አድርጎ ስክላቪስ በ2003 «ናፖሊስ ዎልስ»ን አወጣ። በዚህ ውስጥ ሜዴሪክ ኮሊኞን አነስተኛ ትራምፔት ከመንፋቱም በላይ በድምፁ ያጉረመርማል፣ ይጮኻል፣ ያዜማል፤ ከጆሮ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይወስዳል። በ2019 የወጣው ተከታዩ «ካራክተርስ ኦን ኤ ዎል» ግን በፒያኖ፣ በኮንትራባስና በከበሮ የታጀበ ረጋ ያለ ሥራ ነው፤ ከክፍሎቹ አንዱ ሠዓሊው በራማላ ግድግዳዎች ላይ ለለጠፈው የፍልስጤማዊው ባለቅኔ ማሕሙድ ዳርዊሽ ምስል፣ ሌላው ለጣሊያናዊው ገጣሚና ፊልም ሠሪ ፓዞሊኒ ምስል የተደረሱ ናቸው። የኋለኛውን አስቀድሞ መስማት ይመረጣል።

የኢትዮጵያ አድማጭ የአውሮፓን የጃዝ ክላርኔት ሳያውቀው ሰምቶት ሊሆን እንደሚችልም እዚህ ላይ መጥቀስ ይገባል። ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ያዜመው ጌታቸው መኩሪያ ዚ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድስ ቡድን ጋር በ2006 ባወጣው «ሞአ አንበሳ» አልበም ላይ ከነፉት እንግዶች አንዱ ፈረንሳዊው ክላርኔት ተጫዋች ዛቪዬ ሻርል ነበር። ሻርል ከስክላቪስ የተለየ መንገድ የሚከተል ሙዚቀኛ ቢሆንም፣ በዚያ አልበም ከጌታቸው ሳክስፎን ጎን የሚሰማውን የእንጨት ድምፅ ለይቶ ያወቀ ጆሮ ወደ ስክላቪስ ሲመጣ ባዶውን አይመጣም።

በ2007 እና በ2009 የወጡት፣ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚገንንባቸው አልበሞች ለሮክ ወዳጆች ይስማማሉ፤ ሁለተኛው የሆሜርን «ኦዲሲ» ይከተላል። ለሌላው አድማጭ ግን በ2012 የወጣው «ሱርስ» ይበልጥ ይጠቅማል። እዚህ ላይ ከስክላቪስ ጋር ያሉት ፒያኖ ተጫዋቹ ቤንዣማን ሙሴና ጊታር ተጫዋቹ ዢል ኮሮናዶ ብቻ ናቸው፤ ከበሮም ባስም ስለሌለ ምቱን ሦስቱ እየተቀባበሉ ይሸከሙታል። በ2017 ከድሮ ባልደረቦቹ ከፒፋሬሊና ከኩርቱዋ ጋር ያወጣው «ኤዥያን ፊልድስ ቫሪየሽንስ» ደግሞ ክላርኔት፣ ቫዮሊንና ቼሎ ብቻ የሚሰሙበት ነው፤ «ዳን ላ ንዊ»ን የሚያስታውስ ሰው ያንኑ ድምፅ ያለ ፊልም፣ ያለ አኮርዲዮን ያገኘዋል።

መጨረሻ መደመጥ ያለበት በ1985 የወጣው «ክላርኔት» ነው። ርእሱ እንደሚያመለክተው ስክላቪስ በአልበሙ ብዙ ቦታ ብቻውን በክላርኔቶቹ የሚጫወት ሲሆን፣ ፊልምም ሥዕልም የጉዞ ታሪክም አይረዳውም። በሌሎቹ አልበሞች ውስጥ የተለመዱት ስላፑ፣ ያልተቆረጠው ትንፋሽ፣ ከጎድጓዳው ዝቅታ ወደ ስለታሙ ከፍታ የሚደረገው ዝላይ ሁሉ እዚህ ያለ ሽፋን ይሰማል፤ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ለፊልምና ለግድግዳ፣ ለራሞና ለጉዞ ያዋለው የእጅ ሙያ አስቀድሞ ተሟልቶ እንደነበረም ሌሎቹን የሰማ አድማጭ ከዚህ ይረዳል።