ከብልሽት በፊት ያሉ ልኬቶች

ዲጂታል መልቲሜትር የኤሌክትሪክን ግፊት፣ ፍሰትና ተቃውሞ ለክቶ ውጤቱን በአኃዝ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አንዳንዶቹ መልቲሜትሮች የለኩትን በማኅደረ ትውስታቸው ይመዘግባሉ። መዝገቡ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ አንድ ቀስቃሽ ምልክት ሲደርስ ነው፤ ይኸውም ለምሳሌ ያህል ግፊቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው። ይሁን እንጂ ብልሽት ከደረሰ በኋላ የሚጀመር መዝገብ ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይሆናል።

ይህን ጉድለት ለማስወገድ የተሠሩ መልቲሜትሮች ምልክቱን በሚጠብቁበት ጊዜ ሥራ አይፈቱም። ማኅደረ ትውስታቸው በክብ በተደረደሩ ሣጥኖች ሊመሰል ይችላል። መለኪያው በእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ልኬት ያስቀምጣል። ሣጥኖቹ በሞሉ ጊዜ ከሁሉ የቆየውን አጥፍቶ በቦታው አዲሱን ይተካል። ቀስቃሹ ምልክት ሲደርስ ግን ከምልክቱ በፊት የነበሩትን በተወሰነ ቁጥር ይዞ ያቆያል፤ ቀጥሎ የሚመጡትንም ጥቂት ጨምሮ መዝገቡን ይዘጋል።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም በተባለው ሠፈር፣ አንድ ክሊኒክ ክትባት የሚያኖርበት ማቀዝቀዣ አለው እንበል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ነገር ግን አንዳንድ ሌሊት ማንም ሳያይ ይቆማል። ባለሙያው መልቲሜትሩን ከባትሪው መስመር ጋር አገናኝቶ በሰከንድ 10 ጊዜ እንዲለካ፣ ግፊቱ ከ10 ቮልት በታች ሲወርድም ያለፉትን 8,000 ልኬቶች እንዲያቆይ ያዘዋል። በዚህ ዓይነት ከብልሽቱ በፊት የነበረው 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ በእጁ ይገባል። ግፊቱ ቀስ በቀስ ወርዶ ከተገኘ ባትሪው ኃይሉን ጨርሷል። በድንገት ዜሮ ከሆነ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ፊውዝ ተቃጥሏል። የማቀዝቀዣው ሞተር በተነሣ ቁጥር እየዘቀጠ ከተመለሰ ደግሞ ባትሪው አርጅቷል ወይም ማያያዣው ላልቷል። ፍጥነቱ በሰከንድ 1,000 ቢደረግ ግን ያው 8,000 ልኬት የሚሸፍነው 8 ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ እንደሚፈለገው ነገር ዓይነት ይመረጣል።

የአውሮፕላን የበረራ መዝጋቢም የሚሠራው አሮጌውን በአዲስ በመተካት ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከተነሣ ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። መዝጋቢዎቹ በማግስቱ ተገኙ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከአየሩ ፍሰት ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ጠቋሚዎች የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያመለክት፣ የቀኙ ከ15 ዲግሪ ብዙም እንዳልራቀ መዝገቡ አሳየ። በተሳሳተው ልኬት የተመራው አውቶማቲክ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቶ ነበር። አውሮፕላኑ ከወደቀ በኋላ ይህን ሊናገር የሚችል ሌላ መለኪያ አልነበረም። የብልሽትን ምክንያት ለማወቅ የሚሻ ሁሉ መለኪያውን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚገባውም ስለዚህ ነው።