የሚያቃጥልና የሚያጠግብ የአትክልት ሾርባ፦ ከወረታ ገበያ እስከ ድስት

በወረታ ከተማ ገበያ ላይ ከሚገኘው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ሩዝ ራሱን ችሎ ምሳ የሚሆን ሾርባ ይወጣል። ሥጋም ቅቤም ስለማይገባበት ለጾም ይሆናል። ሙያው ያለው ምኑ ቀድሞ፣ ምኑ ዘግይቶ እንደሚገባ ማወቁ ላይ ነው።

ለ6 ሰው ምን ያህል ይበቃል? 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ 3 ድንች፣ 2 ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ 2 ቲማቲምና 2 ቃሪያ ያዘጋጁ። 1 የቡና ሲኒ ሩዝ፣ 1 ሲኒ ምስር ክክ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ጨውና 2 ሊትር ያህል ውሃም ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀው ከትፈው በዘይት ያቁላሉ። ሲለሰልስ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን፣ ቀጥሎ በርበሬውን ይጨምሩ። በርበሬ ቶሎ ስለሚያር እሳቱን ቀንሰው፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ለ3 ደቂቃ ያህል ያማስሉ።

በርበሬው ከውሃው በፊት ለምን ገባ? የሚያቃጥለው ነገርም ሆነ ቀይ ቀለሙ በደንብ የሚሟሟው በዘይት ነው። የፈላ ውሃ ላይ ቢነሰንሱት ጣዕሙ ጥሬ ጥሬ ይላል።

አሁን ድንቹን፣ ካሮቱን፣ የታጠበውን ምስርና ሩዝ ከሙቅ ውሃ ጋር ይጨምሩ። ቲማቲሙ ይቆይ። ኮምጣጣ ስለሆነ ድንቹና ምስሩ ቶሎ እንዳይበስሉ ያደርጋል።

እሳቱን ባበዛው ቶሎ ይደርስልኛል? አይደርስም። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ቢጨምሩም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ውሃው ይተናል እንጂ። ድስቱን ከድነው በዝግታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያንተክትኩት። ድንቹ በማንኪያ ሲፈርስ ጎመኑን፣ ቲማቲሙንና ጨውን ጨምረው ሌላ 15 ደቂቃ ይተዉት። ቃሪያው ሽታው እንዳይጠፋ ሊወርድ ሲል ይግባ።

የትኛው ሩዝ ይሻላል? ለሾርባ የተሰባበረው ይመረጣል። የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ከሙሉው ለይተው በርካሽ ይሸጡታል። ስብርባሪው ስታርቹን፣ ማለትም ሾርባን የሚያወፍረውን ነጭ ዱቄት፣ ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ለማወፈሪያ ሌላ ዱቄት መግዛት አይኖርብዎትም።

ወጪውስ? እንደ ወቅቱ ነው። በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ገበሬ ሩዙን ካነሣ በኋላ ከጉማራና ከርብ ወንዝ ውሃ እየሳበ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ምርቱ ገበያ ሲሞላ ዋጋው ይወርዳል። ሽንኩርት ብዙ ስለማይቆይ ገበሬው ቶሎ መሸጥ ግድ ይሆንበታል። ክረምት ላይ ሲወደድ 1 ሽንኩርት ብቻ ጨምረው ጎመኑንና ድንቹን ያብዙ። ዘይቱን ግን ከ3 ማንኪያ አያሳልፉ፤ ሾርባ እንደ ወጥ ዘይት አይፈልግም።

በምስር ፋንታ ጓያ ባደርግስ? ጓያ ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ስለሚዘራ በአካባቢው በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለው። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ፣ ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ሾርባ ላይ ግን መቀቀያው ውሃ ራሱ ይጠጣል። ስለዚህ ምስር ካጡ አተር ክክ ያድርጉበት፤ እሱ ቀደም ብሎ ይዘፍዘፍ።

ቢተርፍ ምን ላድርገው? ሩዝ ያለበት ምግብ ሞቃት ቦታ ካደረ ሆድ ያሳምማል፤ ያን ጊዜ እንደገና ማፍላቱም ሁልጊዜ አያድነውም። ፍሪጅ ካለዎት ቶሎ አቀዝቅዘው ያስገቡት። ከሌለዎት የዕለቱን ብቻ ይሥሩ፤ ለ3 ሰው ከሆነ ሁሉንም በግማሽ ይቀንሱ።