«እኔ ሐሺሽ ልውሰድ እንዴ?»

ካናቢስ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችን ይተካ ይሆን?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ስልኬ ጮኸ። ሜሪላንድ፣ አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ ናት። የወትሮው ሰላምታ ካለቀ በኋላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ልጄ ‹ለወገብሽ ካናቢስ ይሻልሻል፣ ክኒኑን ተዪው› እያለ አስጨነቀኝ። በሕግ የተፈቀደ ነው ይለኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሐሺሽ ልውሰድ እንዴ?»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ድምጿ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አክስቴ ሃያ ዓመት ገደማ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሠርታለች። ሰው ስታነሳ፣ ስታገላብጥና ስታጥብ ወገቧ ተጎዳ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ላለፉት አራት ዓመታት ኦክሲኮዶን የተባለ ጠንካራ ክኒን ስትወስድ ቆይታለች። መጀመሪያ ላይ እፎይ ብላ ነበር። እየቆየ ግን ያው መጠን አልበቃት አለ። ሆዷ ይደርቃል፣ ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ ይጥላታል፣ የመውሰጃዋ ሰዓት ካለፈ ደግሞ ያልባታል፣ ያንቀጠቅጣታል። «ሱሰኛ ሆንኩ መሰለኝ» አለችኝ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ መስማት ከበደኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው። አንድ ነገር ግን ከሙያዬ አውቃለሁ፤ አንድ ምርት እንዴት እንደሚሸጥ። ስለዚህ የአክስቴን ጥያቄ በማውቀው በር ገባሁበት። ያገኘሁት ነገር ውጭ አገር ዘመድ ላለውም፣ እዚህ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለሚያመውም ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ክኒኑ እንዴት ተሸጠ?

ኦክሲኮዶን፣ ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ እዚህ አገር በደንብ የምናውቀው ትራማዶልም ጭምር ኦፒዮይድ ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ናቸው። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚሄድበትን መንገድ ያፍናሉ። ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላና በካንሰር ሕመም ጊዜ ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ችግሩ ለወራትና ለዓመታት ሲወሰዱ ይመጣል። ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ፐርዱ ፋርማ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተሰኘውን ቀስ እያለ የሚለቀቅ ኦክሲኮዶን ገበያ ላይ አወጣ። በዚያ ዓመት 48 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ሽያጩ በ2000 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ኩባንያው በአምስት ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ ኮንፈረንሶች አዘጋጅቶ፣ ከ5,000 የሚበልጡ ሐኪሞችን፣ ፋርማሲስቶችንና ነርሶችን ሙሉ ወጪያቸውን ችሎ ጋበዘ። ኮፍያ፣ የጨርቅ አሻንጉሊትና የሙዚቃ ሲዲ አደለ። ለታካሚዎችም የመጀመሪያውን ክኒን በነጻ የሚያስገኝ ኩፖን ነበር። በነጻ አስቀምሰህ ደንበኛ መያዝ በእኛ ሙያ የጀማሪ ትምህርት ነው። ምርቱ ሻይ ቅጠል ሲሆን ግን አንድ ነገር ነው፤ ኦፒዮይድ ሲሆን ሌላ።

ማንኛውም ሻጭ ማስረጃ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን የጠንካራ ማስታገሻ ደጋፊዎች ደጋግመው የጠቀሱት በ1980 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣች አጭር ደብዳቤ ነበረች። ርዝመቷ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሆስፒታል ተኝተው እነዚህን መድኃኒቶች ከወሰዱ 11,882 ሰዎች መካከል በሱስ የተያዙት አራት ብቻ ናቸው ትላለች። ሆስፒታል ውስጥ በነርስ እጅ ስለሚሰጥ መድኃኒት የተጻፈው ነገር፣ ቤታቸው ተቀምጠው ለዓመታት ክኒን ለሚውጡ ሰዎች ማረጋገጫ ሆኖ ተቆጠረ። በ2017 ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ደብዳቤዋ ከ600 ጊዜ በላይ መጠቀሷን አገኙ።

ፐርዱ ፋርማ በ2007 መድኃኒቱን አሳሳች በሆነ መንገድ ማስተዋወቁን በፍርድ ቤት አምኖ፣ ከኃላፊዎቹ ጋር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከ1999 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ 645,000 የሚጠጉ ሰዎች ኦፒዮይድ ባለበት የመድኃኒት ወይም የዕፅ ብዛት ሞተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሞቱት በሐኪም ማዘዣ በተገኘ ክኒን ሳይሆን በመንገድ ላይ በሚሸጥ ሄሮይንና ሕገወጥ ፈንታኒል ነው። የመጀመሪያው ማዕበል ግን የተነሳው ከፋርማሲ ነበር።

አሁን ተራው የቅጠሉ ነው

በዚያው በ1996 ካሊፎርኒያ ካናቢስን ለሕክምና የፈቀደች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ሆነች። ዛሬ አብዛኞቹ ግዛቶች ተከትለዋታል፤ የአክስቴ ሜሪላንድም አንዷ ናት። ኢሊኖይ በ2018 ኦፒዮይድ የታዘዘለት ሰው በምትኩ ካናቢስ እንዲያገኝ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። የአክስቴ ልጅ የሰማው ወሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ካናቢስ እኛ ሐሺሽ ወይም ጋንጃ የምንለው ተክል ነው። ውስጡ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች ሁለቱ በብዛት ይነሳሉ። ቲኤችሲ የሚያሰክረው ነው፤ በ1964 ነጥለው ማንነቱን ያወቁት እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል መሹላምና ባልደረባቸው ናቸው። ሲቢዲ የሚባለው ደግሞ አያሰክርም። ሰውነታችን ራሱ የእነዚህ ዓይነት ንጥረ ነገሮች መቀበያ አለው፤ ሕመም ላይ ይሠራል የሚባለው በዚህ መንገድ ነው። አንድ እውነተኛ ብልጫም አለው፤ እንደ ኦፒዮይድ ትንፋሽ አቁሞ አይገድልም።

አንድ ምሽት የካናቢስ ሱቆችን ድረ ገጽ እያገላበጥኩ አመሸሁ። ሁሉም ላይ ያገኘሁት ቃል «ተፈጥሯዊ» የሚል ነው። በእኛ ሙያ ከዚህ ቃል የረከሰ የለም። ኦፒየምም እኮ ከአበባ ነው የሚገኘው! የመጀመሪያ ግዢ ቅናሽ፣ የታማኝ ደንበኛ ነጥብ፣ «ከክኒን ነጻ ወጣሁ» የሚሉ የደንበኛ ምስክርነቶች... ኮፍያውና አሻንጉሊቱ ብቻ ነው የቀረው።

እዚህም አንድ ተወዳጅ ማስረጃ አለ። በ2014 የወጣ ጥናት፣ ከ1999 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ካናቢስን ለሕክምና በፈቀዱ ግዛቶች በኦፒዮይድ ብዛት የሚሞተው ሰው ቁጥር ሊሆን ይችል ከነበረው ወደ 25 በመቶ ያነሰ ነው አለ። ዜናው በየቦታው ተራባ። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ስሌት እስከ 2017 ያለውን መረጃ ጨምረው ሲያዩት ውጤቱ ተገለበጠ፤ ወደ 23 በመቶ የበለጠ ሆነ። ይህ ማለት ካናቢስ ሰው ገደለ ማለት አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም እንደዚያ አላሉም። ከጅምሩ በግዛት ደረጃ የተሰላ ቁጥር የአንዲትን ሴት ወገብ ጉዳይ አይመልስም ማለት ነው። አምስት ዓረፍተ ነገሯን ደብዳቤ አስታወሰኝ።

ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

መልሱ «ለአንዳንድ ሰው፣ ትንሽ» ነው። ቢኤምጄ የተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በ2021 ያወጣው ሰፊ ግምገማ 32 ሙከራዎችንና ከ5,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። በአብዛኛው ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር፣ የማይጨሰውን ካናቢስ ከወሰዱ 100 ሰዎች ተጨማሪ 10 ያህሉ ልብ የሚባል የሕመም መቀነስ አግኝተዋል። እንቅልፍም ትንሽ ይሻሻላል። በዚህ መሠረት የባለሙያዎች ቡድን የተለመደው ሕክምና ላልበቃው ሰው ይሞከር የሚል ደካማ ምክር ሰጠ። በአንጻሩ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2019 ሥር ለሰደደ ሕመም ካናቢስ አይታዘዝ ብሏል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ተክሉን ለሕመም ማስታገሻነት አላጸደቀም።

ኦፒዮይድን ይተካል ወይ ለሚለው ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ኦፒዮይድ የታዘዘላቸውን 1,514 ሰዎች ለአራት ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። ካናቢስ የተጠቀሙት ሰዎች የኦፒዮይድ ክኒናቸውን እንደቀነሱ ወይም እንደተዉ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ቀንሰናል የሚሉ ሰዎች ውሸታሞች ናቸው አልልም፤ ብዙዎች በእርግጥ ቀንሰዋል። ነገር ግን ለአንድ ሰው የሠራ ነገር ለሁሉም ይሠራል ማለት አይቻልም።

እርስዎ ወይም ዘመድዎ ከመወሰናችሁ በፊት

1. ክኒኑን በአንድ ጊዜ አያቋርጡ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ኦፒዮይድ በድንገት ሲቆም ከባድ ሕመምና ጭንቀት ያመጣል። ሰውየው አቋርጦ ቆይቶ ወደ ድሮው መጠን ሲመለስም ለሞት ሊዳርገው ይችላል። በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይቀነሳል፤ ለአንዳንዱ ሰው ወራት ይፈጃል። የአክስቴ ላብና መንቀጥቀጥ ሰውነቷ መድኃኒቱን ስለለመደ የመጣ ነው። ይህ ብቻውን ሱሰኝነት አይደለም፤ ነውርም አይደለም።

2. ለሐኪሙ ሁሉንም ይንገሩ። ካናቢስ ከኦፒዮይድና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ሲደመር ድብታውን ያብሰዋል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ኃይልም ሊጨምር ይችላል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ማዞርና መውደቅ ትልቅ አደጋ ነው። በቤተሰቡ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሊርቁት ይገባል።

3. ከረሜላው ያታልላል። የሚበላው ካናቢስ ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። «አልሠራም» ብሎ ሁለተኛ የደገመ ሰው ይታመማል። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ይቆለፍበት፤ ሕጻን ልጅ ከተራ ከረሜላ አይለየውም። ወስዶ መኪና መንዳትም አይሆንም።

4. ወረቀትዎን ያስቡ። ግዛቱ ቢፈቅድም የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ካናቢስን ይቆጣጠራል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ ካናቢስ መጠቀምም ሆነ በዘርፉ ተቀጥሮ መሥራት የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ ላይ ያሉ ዘመዶች አስቀድመው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

5. ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ኢትዮጵያ ውስጥ ካናቢስ ለሕክምናም ቢሆን አልተፈቀደም፤ ይዞ መገኘት በወንጀል ያስከስሳል። በሜሪላንድ ሱቅ ደረሰኝ የተቆረጠለት ከረሜላ ቦሌ ሲደርስ አደንዛዥ ዕፅ ነው። በዱባይ በኩል ለሚያልፍ መንገደኛም ሕጉ ጥብቅ ነው። «ለእማዬ ጉልበት» ብሎ የሚልክ ልጅ እማዬን ችግር ውስጥ ሊከታት ይችላል።

እዚህ አዲስ አበባ ላለነው አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካን ታሪክ ሰምተን ሞርፊን የታዘዘለትን የካንሰር ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዳናስጥለው። የእኛ አገር ችግር በብዛት ተቃራኒው ነው፤ ማስታገሻ እያስፈለገው ሳያገኝ የሚሰቃየው ሰው ብዙ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወገብ ትራማዶል መዋጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ከዚያው ቤተሰብ ነው።

አክስቴስ?

ልጇን ይዛ ወደ ሐኪሟ ሄደች። የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነች የወረቀት ስጋት አልነበረባትም። ሐኪሟ መጀመሪያ የኦክሲኮዶኑን መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ ጀመረ፤ ፊዚዮቴራፒና ውኃ ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴም ጨመረላት። ከሁለት ወር በኋላ፣ እሷ ፈልጋ እሱም ተስማምቶ፣ ማታ ማታ ጥቂት የካናቢስ ዘይት ጀመረች። ስድስት ወር ሆናት። ክኒኗ በግማሽ ቀንሷል። ሕመሙ ከአሥር ስምንት ነበር፤ አሁን «ስድስት ነው፣ ዝናብ ሲሆን ሰባት» ትላለች። ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቷ ቀርቷል።

ዘይቱ ይሁን፣ ውኃው ይሁን፣ ክኒኑ መቀነሱ ይሁን ማናችንም አናውቅም። ልጇ «ዘይቱ ነው» ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል። እኔ ደግሞ የደንበኛ ምስክርነት እንዴት እንደሚወለድ በዓይኔ አየሁ እላለሁ።

ለጥምቀት ስትመጣ ዘይቱን እዚያው ትታ፣ የታዘዙላትን ክኒኖች በራሳቸው ዕቃ፣ ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር ይዛ መጣች። ቡና እየጠጣን «ያኔ ባትስቂብኝ ነው እኮ ለሐኪሙ የነገርኩት» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ላቡና ስለ መንቀጥቀጡ ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር፤ «ሱሰኛ» እንዳትባል ፈርታ።

በእርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ዛሬ ደውለው «ምን ምን እየወሰድሽ ነው? ሐኪምሽስ ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ። ደግሞ መልሱን ሳይስቁ ይስሙ።