ወደ ራፓ ኑዪ ለመጓዝ

ራፓ ኑዪ (የፋሲካ ደሴት) ከቺሊ የባሕር ጠረፍ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ትገኛለች። ከሳንቲያጎ በአውሮፕላን ከ5 ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎብኚ ከ30 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም፤ የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማረጋገጫም ስለሚጠየቅ ሁለቱን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ደሴቲቱን ያስጠሯት ሞአይ የተባሉት 900 ገደማ ግዙፍ የድንጋይ ሐውልቶች ናቸው። አብዛኞቹ የተጠረቡት ራኖ ራራኩ ከተባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ሳይጠናቀቁ የቀሩት ዛሬም ከዐለቱ እንደተጣበቁ ይታያሉ፤ የጠራቢዎቹን አሠራር ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳይ ከሁሉም ይበልጥ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ሥፍራ ነው። 15 ሞአይ ተሰልፈው የቆሙበት አሁ ቶንጋሪኪም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወደ ዋና ዋናዎቹ ሥፍራዎች የሚገባው ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ነው። ሐውልቶቹን መንካትም ሆነ በመድረኮቻቸው ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዐመድ የተፈጠረው ድንጋይ በቀላሉ ይፈረፈራል፣ ለተወላጆቹም የአያቶቻቸው መታሰቢያ ነው።