በፊደላችን የሚጻፍ የቃል ግምት ጨዋታና የስሕተቱ ምርመራ

ፕሮግራም መጻፍን ለሚጀምሩ ተማሪዎች ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ የቃል ግምት ጨዋታ ነው። ፕሮግራሙ ከዝርዝር አንድ ቃል ይመርጣል፤ በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ ሰረዝ ያሳያል፤ ተጫዋቹም የተሰጠው ዕድል ሳያልቅ ፊደል በፊደል እየገመተ ቃሉን ለመሙላት ይጥራል። መልመጃው በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ስለ ሆነ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከተለመዱት ስሕተቶች በተጨማሪ የራሱን ያስከትላል። መምህሩ እነዚህን ካልለየ የፕሮግራሙ ጉድለት በተማሪው የጽሕፈት ችሎታ ይላከካል።

በመንዝ፣ በጓሳ አካባቢ የሚማር ልጅ ቃላቱን ከአገሩ ቢወስድ ዝርዝሩ «ጓሳ»፣ «ጭላዳ»፣ «ጅብራ»፣ «ቀይ ቀበሮ» ሊሆን ይችላል። በፓይተን ጽፎ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት ቢሞክረው ያለ እንከን ይሠራል። «ቀይ ቀበሮ» ላይ ሲደርስ ግን ተጫዋቹ አንድም ፊደል ሳይስት ማሸነፍ ያቅተዋል።

እዚህ ላይ መምህሩ መልሱን ለመንገር መቸኮል የለበትም። ተማሪው በወረቀት ላይ ስድስት ሣጥን ሠርቶ ከእያንዳንዱ ግምት በኋላ የትኛው እንደ ተሞላ ይመዝግብ፤ ፕሮግራሙም በየዙሩ የያዘውን እንዲያሳይ አድርጎ ሁለቱን ያመሳክር። ያን ጊዜ ምክንያቱ ይገለጣል። «ቀ» በቃሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ተማሪው የተጠቀመበት ትእዛዝ ግን የመጀመሪያውን ቦታ ብቻ ስለሚያመለክት አራተኛው ሣጥን ባዶ ይቀራል። (ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር ይህን ሣጥን 3 ብሎ ይጠራዋል፤ ጀማሪን የሚያደናግር ሌላ ጉዳይ ነው።) ሦስተኛው ሣጥን ደግሞ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው፤ ክፍት ቦታን እንደ ፊደል ቈጥሮ የሚገምት ተጫዋች የለም። እንግዲህ ማረሚያው ሁሉንም ቦታዎች በተራ መመርመርና ክፍት ቦታውን ከመነሻው ገልጦ ማሳየት ነው።

ከዚህ የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ጓሳ» በሚለው ቃል «ሣ» ብሎ የገመተ ተማሪ በድምፅ አልተሳሳተም፤ ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የሚያነጻጽረው ድምፅን ሳይሆን ቍጥርን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት በዩኒኮድ ሥርዓት የ«ሳ» ቍጥር 4659፣ የ«ሣ» ደግሞ 4643 ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ተሳስተሃል» ብሎ ዕድል ይቀንሳል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እንዲሁ ናቸው። ሁለቱን ወገን ለማነጻጸሪያ ብቻ ወደ አንድ መልክ መመለስ፣ ቃሉን ግን በትክክለኛ አጻጻፉ ማሳየት ይገባል። የትምህርቱ ዓላማ የፊደል አጠባበቅ ከሆነ ግን ልዩነቱ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚወስነው መምህሩ እንጂ ፕሮግራሙ መሆን የለበትም።

የዕድሉም መጠን ሊታሰብበት ይገባል። ለ26 የላቲን ፊደላት የተመደበ ስድስት ዕድል፣ ከ33 ዋና ፊደላት በየሰባቱ ድምፅ 231 ለሚሆነው ገበታ አይበቃም። ዕድሉን ከማብዛት ይልቅ ዘሩን ላገኘ ተጫዋች ፍንጭ መስጠት ይሻላል። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ስምንት ቦታ ስለ መደበ፣ ቍጥሩ ለ8 ሲካፈል ድርሻው ረድፉን፣ ቀሪው ድምፁን ያመለክታል። 4659 ለ8 ሲካፈል 582 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ግዕዙ ዜሮ ስለ ሆነ 3 ራብዕ ነው። «ሰ» የገመተውም ድርሻው 582 ስለሆነ «ዘሩ ትክክል ነው፣ ድምፁን ፈልግ» ሊባል ይችላል። «ጓ» ግን ዲቃላ በመሆኑ ረድፉ 610 ሲሆን የ«ገ» 609 ነው፤ ለእንዲህ ያሉት ፊደላት ተማሪው የተለየ ደንብ መጻፍ ይኖርበታል።