የአሞኒያ ተጋላጭነት በሥራ ቦታ

አሞኒያ አንድ የናይትሮጅንና ሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት፣ ቀለም የለሽና ሽታው የሚሰነፍጥ ጋዝ ነው። ማዳበሪያ ለማምረትና በትላልቅ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያገለግላል። በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ከዓይን፣ ከጉሮሮና ከአየር ቧንቧ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል። መጠኑ ሲበዛ ሳንባ ውሃ እንዲቋጥር በማድረግ ሊገድል ይችላል።

አለካክ
የአሞኒያ ሽታ በጥቂቱም ቢታወቅም አፍንጫ አስተማማኝ መለኪያ አይደለም፤ ሠራተኛው በቆየ ቁጥር ሽታውን ይለምደዋል። ስለዚህ ናሙናው የሚወሰደው ሠራተኛው ከሚተነፍሰው አየር፣ ኮሌታው ላይ በሚንጠለጠል መሣሪያ ነው።

የመጠን ገደብ
የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው አመላካች ገደብ ለ8 ሰዓት በአማካይ 20 ፒፒኤም (በሚሊዮን የአየር ክፍል 20)፣ ለ15 ደቂቃ ደግሞ 50 ፒፒኤም ነው። ሁለቱም አብረው መታየት አለባቸው። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ 1 ሰዓት በ80፣ 7 ሰዓት በ10 ፒፒኤም ውስጥ ቢሠራ አማካዩ (80 + 70) ÷ 8 = 18.75 ፒፒኤም ይሆናል። ይህ ከ20 በታች ቢሆንም በመጀመሪያው ሰዓት የአጭር ጊዜው ገደብ ታልፏል። በአሜሪካ 300 ፒፒኤም ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ ተብሎ ተመድቧል።

መከላከያ
የአሞኒያ ጋዝ ከአየር ይቀልላል፤ ነገር ግን ፈሳሹ ሲያፈስ ቀዝቃዛ ጉም ሆኖ መሬት ለመሬት ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም ጣሪያ ሥር ብቻ የተሰቀለ ጠቋሚ መሣሪያ አይበቃም። ቅድሚያ የሚሰጠው የሚያፈስሱ ቧንቧዎችን መጠገንና አየር ማናፈስ ነው፤ የመተንፈሻ ጭንብል የመጨረሻው አማራጭ ነው።