ነፍሰ ጡሯን ከእንቁላልና ከወተት ማን ከለከላት?



ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት መካሪ አይጠፋም። አማቷ «ወተት አታብዢ፣ የሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል» ይሏታል። ጎረቤቷ «እንቁላል ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጡ ይከብድሻል» ትላታለች። አሁን አሁን ደግሞ ውጭ አገር ያለች እህቷ ትደውልና «ኦቾሎኒ አትንኪ፣ ልጁን አለርጂ ይይዘዋል» ስትል ታክልበታለች። ይህን ሁሉ የሰማች እናት ሆዷን በእንጀራ ብቻ ሞልታ ትተኛለች። ሸሪዓው ለራሷ ወይም ለፅንሷ ከፈራች የረመዷንን ጾም እንኳ እንድታፈጥር የፈቀደላትን እናት እኛ በወሬ እናስጾማታለን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምክሮች በአጭሩ እንለፋቸው። እናት የጠጣችው ወተት ተፈጭቶ በደሟ በኩል ለፅንሱ ይደርሳል እንጂ ራሱ ላይ አይለጠፍም። ሲወለድ በገላው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት የፅንሱ ቆዳ ራሱ የሚያመነጨው መከላከያ ነው፤ ምንም ሳትጠጡም ይኖራል።

የአለርጂው ነገር ግን ሰፋ ያለ ታሪክ አለው፤ አንድ ወቅት ሐኪሞችም ብለውት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር፣ በቤተሰባቸው አስም፣ ችፌ ወይም አለርጂ ያለባቸው እርጉዞች ኦቾሎኒ ቢተዉ ይሻላል ተብሎ ተመከረ። በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በበኩሉ ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ 2 ዓመት እንቁላል፣ እስከ 3 ዓመት ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ አለ። እናቶች ታዘዙ፤ የኦቾሎኒ አለርጂ ግን አልቀነሰም። አሜሪካኖቹ በ2008፣ እንግሊዞቹም በ2009 ምክራቸውን አነሱ። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ እንዲህ ያለውን ምግብ መተዋ ልጇን ከአለርጂ ለመጠበቁ ማስረጃ አልተገኘም።

ከዚያም ነገሩ ጭራሽ ተገለበጠ። በፕሮፌሰር ጌዲዮን ላክ የሚመሩ የለንደን ሐኪሞች ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸውን 640 ሕፃናት ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ነበሩ። ግማሾቹ ኦቾሎኒ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ ጨርሶ እንዳይቀምሱ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ሲወጣ፣ 5 ዓመት ሲሞላቸው ካልበሉት ውስጥ ከመቶ 17 ያህሉ የኦቾሎኒ አለርጂ ነበረባቸው፤ ከበሉት ውስጥ ግን ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ሕፃኑ ምግቡን በቅድሚያ በሆዱ ካወቀው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ በችፌ በተሰነጣጠቀ ቆዳው በኩል ካገኘው ግን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል።

ስለዚህ እርጉዝ እህታችን እናንተ ራሳችሁ አለርጂ ከሌለባችሁ በቀር እንቁላሉንም፣ ወተቱንም፣ ዓሣውንም፣ ኦቾሎኒውንም ብሉ። በጤና ጣቢያ የሚሰጣችሁን የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒንም አታቋርጡ። በእርግጥ መተው ያለበት ሌላ ነው፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት። በነዚህ የሚተላለፉ ተሕዋስያን ለውርጃ ሊዳርጉ ይችላሉና ሥጋው ይብሰል፣ ወተቱም ይፍላ። የሚገርመው፣ እንቁላል የሚከለክሉት ሰዎች ክትፎ ሲቀርብ ዝም ማለታቸው ነው።

ልጁ ሲወለድ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ግን «ገና ነው» እያላችሁ ዓመት አትጠብቁ። በደንብ የበሰለ እንቁላል በትንሹ አስቀምሱት። ኦቾሎኒውን ቆልታችሁ በማላም ፈጭታችሁ ገንፎው ውስጥ በጥብጡለት፤ ፍሬውን እንዳለ ግን ለትንሽ ልጅ አትስጡ፣ ያንቀዋል። አዲስ ምግብ ስታስጀምሩ አንድ በአንድ፣ ልጁ ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ ሐኪም ቤት ክፍት በሆነበት ሰዓት ይሁን። ከባድ ችፌ ካለበት ወይም ከዚህ በፊት ምግብ አስቆጥቶት ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ከንፈሩ ካበጠ፣ ገላው በሽፍታ ከተሞላ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ምግቡን አቁማችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከተስማማው ደግሞ አንዴ አስቀምሳችሁ አትተዉት። በለንደኑ ጥናት የነበሩት ሕፃናት ኦቾሎኒውን የበሉት በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ለዓመታት ነበር።